ቡድናችን ሲከሰስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ቡድኖች ውስጥ ስለተጋለጡ ወሲባዊ ጥቃቶች ጽፈን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ግን ስለ ጥቃት አድራሾቹ ሳይሆን ስለ ደጋፊዎቹ የሚጠይቁ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2011 በፔንስልቬንያ የሚገኘው የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአሜሪካ እግር ኳስ አሰልጣኛቸው ተባረረ ብለው አደባባይ ወጥተው መኪና ገለበጡ። ሕጻናት ተደፍረው ሳለ ለአሰልጣኝ መቆጣት ምን የሚሉት ነገር ነው?

መልስ፦ ነገሩ የተፈጸመው በአምስት ቀን ውስጥ ነው። ጄሪ ሳንደስኪ በሕጻናት ላይ በሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ተከሶ የተያዘው ኅዳር ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ነበር። የቡድኑ ምክትል አሰልጣኝ የነበረ፣ በ1999 ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ልጆቹን ያገኛቸው የነበረው ራሱ ባቋቋመው በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ነው። በ2001 አንድ ወጣት ረዳት አሰልጣኝ በቡድኑ መታጠቢያ ቤት ከአንድ ልጅ ጋር አይቶት በማግሥቱ ለዋናው አሰልጣኝ ለጆ ፓተርኖ ነግሯል። ፓተርኖ ደግሞ ለስፖርት ዳይሬክተሩ አስተላለፈ። ከዚያ በኋላ ለፖሊስም ሆነ ለሕጻናት ጥበቃ የደወለ ሰው አልነበረም። ሳንደስኪ በተያዘ በአራተኛው ቀን ማታ የዩኒቨርሲቲው ባለአደራ ቦርድ ፓተርኖን በስልክ አሰናበተው። በዚያው ሌሊት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወጡ፣ የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ መኪና ተገለበጠ፣ ፖሊስም በርበሬ ረጨ።

ፓተርኖ ከ1966 ጀምሮ ቡድኑን የመራ፣ ገንዘቡን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የሰጠ ነበር። በስፖርት በክብር የሚያሸንፍ ቤት ነው የሚለው የዩኒቨርሲቲው ዝና የተገነባው በእሱ ስም ላይ ነው። ስለዚህ እሱ ሲነካ ተማሪው እኔ ተነካሁ አለ። ለእኛ ከዚህ የባሰ የሚመስለን ግን ሌላ ነገር ነው። በግራንድ ጁሪው (ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ በሚወስነው የዜጎች ጉባኤ) 23 ገጽ ሰነድ ውስጥ ልጆቹ ስም የላቸውም፤ ከተጠቂ 1 እስከ ተጠቂ 8 የሚል ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ይህ ለደኅንነታቸው ሲባል የግድ ነው፤ ሆኖም በአንድ በኩል ሁሉም የሚያውቀው ፊት፣ በሌላ በኩል ቁጥር ሲቀመጥ፣ የደጋፊው ወሬ «ጆ ምን ያህል ያውቅ ነበር?» ወደሚለው ያዘነብላል። ቦርዱም ምክንያቱን ዘርዝሮ ሳያስረዳ በስልክ ማሰናበቱ ቁጣውን አባብሶታል። ውሳኔው ልክ ነበር፤ አነጋገሩ ግን ለብስጭት በር ከፈተ።

ያው ካምፓስ ግን በሁለተኛው ማታ ሻማ አብርቶ ለተጠቂዎቹ ቆሟል። በማግሥቱ ከኔብራስካ ጋር በተደረገው ጨዋታ ደጋፊው የሕጻናት ጥቃትን ለመቃወም ሰማያዊ ለብሶ መጣ። የቀድሞ ተማሪዎችም ለጥቃት ሰለባዎች ለሚሠራው ሬይን ለተባለ ድርጅት ከ500,000 ዶላር በላይ አሰባሰቡ። ስለዚህ «የፔን ስቴት ደጋፊ» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት አይሠራም።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ የፔን ስቴትን 112 ድሎች ሰርዞ በኋላ መለሰ። ይህ ለተጠቂዎቹ ምን ጠቀመ?

መልስ፦ ምንም። በ2012 የተሰረዙት የ1998–2011 ድሎች በጥር 2015 ሲመለሱ የፓተርኖ ድል እንደገና 409 ሆነ፤ ቁጥሩም መፈክር ሆኖ ተለጠፈ። ከቅጣቱ ውስጥ ፋይዳ የነበረው የሕጻናት ጥቃትን ለመከላከል እንዲውል የተወሰነው 60 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ደጋፊው ግን ስለ እሱ ሲከራከር ብዙም አልተሰማም።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ሳይወስን ለምን እንፈርዳለን? በሐሰት የተከሰሱም አሉ።

መልስ፦ አሉ፤ የዱክ ዩኒቨርሲቲ የላክሮስ ተጫዋቾች ጉዳይ የታወቀ ነው። በ2006 ተከሰሱ፣ የቡድኑ አሰልጣኝ ሥራውን ለቀቀ፣ ሚያዝያ 2007 ላይ የኖርዝ ካሮላይና ዋና ዐቃቤ ሕግ ንጹሐን ናቸው ብሎ ክሱን ዘጋ። ክሱን የመሠረተው ዐቃቤ ሕግም የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ። እንግዲህ «ወንጀለኛ ነው» የሚለውን ቃል ለፍርድ ቤት ተዉለት። ነገር ግን ሰውየውን እስኪጣራ ድረስ ከልጆች ማራቅ ፍርድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው፤ የወንጀል ችሎት የሚጠይቀውን ያህል ማስረጃም አይጠይቅም። ደጋፊዎች ሁለቱን እያምታቱ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሉት።

ጥያቄ፦ እውነት ከሆነ ለምን ያኔውኑ አልተናገሩም?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ተናግረዋል። የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረውን፣ በሕክምና ስም ወሲባዊ ጥቃት ያደረሰውን የላሪ ናሳርን ጉዳይ ይመልከቱ። በ1997 ለዩኒቨርሲቲው የጂምናስቲክስ አሰልጣኝ ነግረናት ነበር ያሉ አሉ። በ2014 አንዲት ሴት በይፋ አመልክታ ዩኒቨርሲቲው አጣራ፤ አስተያየት የተጠየቁት ባለሙያዎች ግን የዚያው ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ነበሩና «ሕክምና ነው» ተባለ፣ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥር 2018 ላይ ከ150 በላይ ሰዎች ችሎት ፊት ቆመው ተናገሩ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይህን ጥያቄ የሚጽፍ ደጋፊ ጉዳቱ የት እንደሚያርፍ ይወቅ፦ የሚያነበው ተከሳሹ ሳይሆን ገና ያልተናገረው ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ የዓመት ቲኬት አለኝ፣ ለቡድኑም በየዓመቱ እለግሳለሁ። ልቅር ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ ዝም ብሎ መቅረት ምንም አይነግራቸውም፤ የቲኬት ክፍሉ «ቡድኑ ስለተሸነፈ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የሚቀሩ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስታውቁ፤ ደብዳቤው ለስፖርት ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ለባለአደራ ቦርዱ ጸሐፊም ይድረስ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሥራ ትስስር የሌለው አጣሪ፣ ሪፖርቱ የተጠቂዎች ማንነት ብቻ ተሸፍኖ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ፣ ተጠቂዎች ክስ መሠረቱም አልመሠረቱም የሥነ ልቦና ሕክምና ወጪያቸው እንዲሸፈን። ልገሳውን ካላቋረጡ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲውል በስጦታ ስምምነቱ ላይ ያስጽፉ፤ ቼኩ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ብቻውን አያስተማምንም። የቀድሞ ተማሪ ከሆኑ ድምፅ ሊኖርዎት ይችላል። በፔን ስቴት ዘጠኝ የቦርድ አባላትን የሚመርጡት የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። በ2012 ይህ ድምፅ ከፊሉ የፓተርኖን መባረር ለሚነቅፉ እጩዎች ነው የዋለው። የጥቃት መከላከልን አጀንዳ ያደረገ እጩ ለማስመረጥም ያው የምርጫ ወረቀት ይበቃ ነበር። ማልያውን መልበስና አለመልበስ የራስዎ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ጊዜ አናጠፋም።

ጥያቄ፦ የደጋፊዎች ማኅበራችንን የስልክ ግሩፕ አስተዳድራለሁ። አባላቱ «ከሳሹ ማን ነው?» እያሉ መገመት ጀምረዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ግምቱን ወዲያው ያጥፉት፤ ስም ያልተጠራበትንም ጭምር። የገባበት ዓመት፣ የትውልድ ከተማና የሚጫወትበት ቦታ አንድ ላይ ከተጻፉ ስም መጥራት ማለት ነው። ዛቻ ያዘለ መልእክት ካገኙ ግን ከማጥፋትዎ በፊት ቀኑና የላኪው ስልክ እንዲታይ አድርገው ምስሉን አስቀምጡና ለፖሊስ ያስረክቡ፤ ለሌላ አባል እንዳይልኩት። ከዚያ አንድ ማስታወቂያ ከላይ ይስቀሉ። አጭር ይሁን፦ «ስለ ተጠቂዎች ማንነት መገመት ክልክል ነው። በመጀመሪያው እናጠፋለን፣ በሁለተኛው እናስወጣለን።» የሕግ ትንታኔ አይጨምሩበት፤ ክርክር ይጋብዛል።

ከአባላቱ አንዱ «እኔም ላይ ደርሷል» ብሎ ቢጽፍስ? ግሩፑ ላይ አይመልሱለት፤ ለብቻው ይጻፉለት። «አምንሃለሁ፣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ይበቃል። መቼ፣ እንዴት፣ ማን እያሉ ዝርዝር አይጠይቁ፤ ያ የመርማሪ ሥራ ነው፣ ያልሠለጠነ ሰው ጥያቄ ምስክርነቱን ሊያበላሽ ይችላል። ግሩፑ ላይ የጻፈውን ማጥፋት ከፈለገ እሱ ይወስን። የሬይን የስልክ መስመር 1-800-656-4673 ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

አሁን አደጋ ላይ ያለ ልጅ ካለ ነገሩ ይለያል። ድንገተኛ ከሆነ 911፤ ካልሆነ በፔንስልቬንያ ቻይልድላይን 1-800-932-0313 ይደወላል። የመጠቆም ግዴታ የሌለበት ማንኛውም ሰው ስሙን ሳይናገር መጠቆም ይችላል። በሕግ የመጠቆም ግዴታ ያለባቸው፣ ለምሳሌ አሰልጣኝና መምህር፣ ወዲያው ደውለው በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ማሟላት አለባቸው። ከሳንደስኪ ጉዳይ በኋላ በ2014 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ለአለቃ መንገርን በቂ አያደርገውም፤ የሰማው ወይም ያየው ሰው ራሱ ይደውላል፣ ከዚያ በኋላ ለአለቃው ያሳውቃል።