እርጉዝ ነኝ፤ የድብርት መድኃኒቴን ላቁም?

ጥያቄ፦ የ11 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ለድብርት ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም በየቀኑ እወስድ ነበር። ዘመዶቼ «ልጁን ኦቲዝም ያስይዘዋል» ሲሉኝ ደንግጬ ካቆምኩ አምስት ቀን ሆነኝ። እስካሁን ምንም አልተሰማኝም። ደግ አደረግሁ?

መልስ፦ ምንም ያልተሰማዎት ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ነው፤ ካቆሙት በኋላም ለሳምንታት ይቆያል። ድብርቱ ከተመለሰ የሚመለሰው ዘግይቶ ስለሆነ መድኃኒቱ በመቋረጡ መሆኑን የሚጠረጥር አይኖርም። ስለዚህ በዚሁ ሳምንት ያዘዘልዎትን ሐኪም ያግኙ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ዛሬውኑ ይሂዱ።

የዘመዶችዎ ወሬ ከባዶ አልተነሣም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ኩቤክ ጥናት፣ ከእርግዝናው ሦስተኛ ወር በኋላ እንዲህ ያለ መድኃኒት የወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ኦቲዝም በዝቶ እንደታየ ዘግቦ ነበር። ችግሩ መድኃኒት የምትወስድና የማትወስድ እናት ከመነሻውም አንድ አለመሆናቸው ነው፤ ሕመሙም፣ የቤተሰብ ዘርም ይለያቸዋል። ይህን ለማጥራት በ2017 የወጣ፣ በስዊድን የተወለዱ ልጆችን መረጃ የተጠቀመ ጥናት የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ አነጻጸረ፦ አንዱን አርግዛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የወሰደች፣ ሌላውን አርግዛ ያልወሰደች። በኦቲዝምም ሆነ በትኩረት ማነስ ልዩነት አልተገኘም። በ2022 ከ3 ሚሊዮን በላይ እርግዝናዎችን የመረመረ የአሜሪካ ጥናትም የእናቶቹ ሕመምና ሁኔታ ሲታሰብ፣ በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ መውሰዱ ለልጁ የአእምሮ እድገት አደጋ ሆኖ አላገኘውም።

«የልጁን ልብ አፈጣጠር እንዳይጎዳ ቢቀየርልኝስ?» ካሉ፣ የፅንሱ ልብ በዚህ ጊዜ ቅርጹን ይዟል። የተስማማዎትን መድኃኒት አሁን መቀየር ብዙውን ጊዜ ፅንሱን ለሁለት መድኃኒት ማጋለጥ ብቻ ነው። ከዚህ የሚለየው ለሚጥል በሽታም ሆነ ለስሜት መዋዠቅ የሚታዘዘው ቫልፕሮዬት (ዴፓኪን) ነው፤ እሱ የልጁን አእምሮ ሊጎዳ እንደሚችል ተረጋግጧል። አብረው የሚወስዱት ከሆነ ሳያቋርጡ ለሐኪምዎ በዚያው ቀን ይንገሩ።

ለክትትል ሲሄዱ ክኒኑን ከነመጠኑ በካርድዎ ላይ ያስጽፉ፤ ለአዋላጇም ይንገሯት። በእናታቸው ማኅፀን ይህን መድኃኒት ካገኙ ሕፃናት ሲሶ ያህሉ ሲወለዱ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ጡት መያዝ ያቅታቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል፤ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ባለሙያ ይከታተላቸው። አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ደቂቃም አይጠብቁ። ጡት ማጥባት ይችላሉ፤ ፍሉኦክሰቲን ሰርትራሊን ከተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ይልቅ በብዛት ወደ ወተት ስለሚያልፍ፣ ሕፃኑ እንቅልፍ ካበዛ ወይም ክብደት ካልጨመረ ለሐኪሙ ያሳዩት።