ሸዋ ሮቢት ላይ የጣሪያ ፋን ልግጠም ወይ ላልከው ወንድሜ

«ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ተዛውሬ ሙቀቱ አላስተኛኝ አለ፤ የጣሪያ ፋን ልግጠም? ለክረምትስ ይጠቅማል?» ብለሃል። እኔም እንዳንተው ከ2,800 ሜትር ብርድ ተነስቼ፣ ጣርማበርን ወርጄ ነው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተጣድኩት። ቤትህም እንደኔው ቆርቆሮ ክዳን፣ ቺፕውድ ኮርኒስ ነው ብዬ ልነሳ። ግጠም። ግን እንደኔ አትግጠም።

1. ፋን ቤት አያቀዘቅዝም። ላብህን እያደረቀ አንተን ነው የሚያቀዘቅዝህ። እኔ «ስመለስ ቤቱ ቀዝቅዞ ይጠብቀኝ» ብዬ ከፍቼው ሥራ እሄድ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ! ቆጣሪው ብቻ ቆጠረ። ስትወጣ አጥፋው። ማታ ደግሞ መስኮት ክፈት፤ አለበለዚያ ቆርቆሮው ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ነው እላይህ ላይ የሚያማስልብህ።

2. የምትሰቅልበትን እንጨት ራስህ እይ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። የገጠመልኝ ልጅ መንጠቆውን ያሰረው ቺፕውዱ የተመታበት ቀጭን ሞራሌ ላይ ነበር። «ይሄማ ሰው ይሸከማል» አለኝ። ሰው ግን አይሽከረከርም! ከክብደቱ ይልቅ ንዝረቱ ነው ምስማር የሚነቅለው። ከመጀመሪያው ቀን ይወዛወዝ ነበር። ስደውልለት «ሲለምድ ይተዋል» አለ። ፋን ምን ይለምዳል?

ግንቦት ላይ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ቡና እያፈላች ኮርኒሱ ተንጣጣ። ቀና ስንል ፋኑ ከነገመዱ መጣ። ከረከቦቱ አንድ ክንድ ርቆ ወደቀ። ሰው አልነካም፣ ተመስገን። እናቴ ድሮም «ይሄ ነገር ብርድ ያስመታሃል» ትል ስለነበር እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ሁለት ክንፉ ተጣሞ ነበርና ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ኧረ መልስልኝ አላልኩም! ክንፍ ሽጥልኝ ነው ያልኩት። «ለብቻ አይሸጥም። ቀጣይ!» ከኋላዬ እኮ ማንም አልነበረም። በኋላ ሳጣራ ክንፎቹ ተመዛዝነው በአንድ ላይ ነው የሚመጡት፤ አንዱን ብትቀይር ይወዛወዛል። እሱም ልክ ነበር ማለት ነው። አፉ ነው እንጂ። በ4,800 ብር ሌላ ገዛሁ፣ ከሌላ ሱቅ። የኮርኒሱን ማሠሪያ ሳልቆጥር።

ሁለተኛውን በገዛ እጄ ሰቀልኩት። ሽቦውን ብቻ ኤሌክትሪሺያን ነካው። ኮርኒሱን ከፍቼ፣ በሁለት ወራጆች መሃል ወፍራም እንጨት አጋድሜ፣ ብሎኑን ከላይ እስከ ታች አሳልፌ በድርብ ዳዶ አሰርኩት። ክንፉ ከወለል ቢያንስ 2 ሜትር ከ10፣ ከኮርኒሱ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ኮርኒስ ላይ ከተለጠፈ አየር ስለማይስብ ጫጫታ ብቻ ነው። ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ንቅንቅ የለም። አሁን ጎረቤት ፋን ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው።

3. የፍጥነቱን ማዞሪያ ለአምፖል በሚሸጠው ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) አትተካ። ሞተሩ እያቃሰተ ይግላል።

ስለ ክረምቱ፦ አንዳንዱ ፋን ሞተሩ ላይ አቅጣጫ የምትቀይር ትንሽ ማብሪያ አለችው። ሸዋ ሮቢት ላይ አትነካካት። ከታች ስታየው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር፤ ሥሩ ቆመህ ነፋስ ከተሰማህ ልክ ነው። ዝናብ ሲገባ ፍጥነቱን ብቻ ቀንስ። በተቃራኒ ማዞሩ የሚጠቅመው ደብረ ብርሃን ላሉ ቤተሰቦችህ ነው፣ እሱም ሂተር ካለ። እናቴ ቤት አንድ ሰቅዬላታለሁ። በኅዳር ውርጭ ሂተር ለኩሰን በዝቅተኛ ፍጥነት ወደ ሰዓት አቅጣጫ ስናዞረው፣ ኮርኒስ ሥር የተሰበሰበው ሙቀት በግድግዳው በኩል ይወርዳል። ያለ ሂተር ግን ብርድ ማማሰል ነው። እናቴ ለማንኛውም ከክፍሉ ስወጣ ታጠፋዋለች።

ደግሞ ፋን ገጠምኩ ብለህ አጎበሩን እንዳታወርድ። ነፋሱ ትንኝ ያስቸግራል እንጂ ወባ አያስቀርም። አጎበር ነፋሱን ስለሚቀንስብህ አልጋውን ልክ ከፋኑ ሥር አድርገው። ብሎኑን ካጠበቅክ በኋላ፣ ታዲያ።