በፓፑዋ ከበሮ ቆዳ ላይ የተለጠፉት እንክብሎች ምንድን ናቸው?

ጥያቄ፦ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ሰዎች ሲጨፍሩ በቴሌቪዥን አየሁ። ወንዶቹ ወገቡ የቀጠነ ከበሮ በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ይመታሉ። ቆዳው መሐል ላይ ጥቋቁር እንክብሎች አሉ። ለምንድን ናቸው? እዚህ ጎጃም በዋንዛና በፍየል ቆዳ ልሠራው እችላለሁ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከበሮው ኩንዱ ይባላል፤ የኒው ጊኒ ደሴት የኢንዶኔዥያ ክፍል ደግሞ ቲፋ ይለዋል። እንክብሎቹ ሰም ወይም የዛፍ ሙጫ ናቸው፤ ሥራቸውም ድምፅ ማስተካከል ነው። የእኛ ከበሮ ቆዳ ሲላላ ጠፍሩ ይጠብቃል። ኩንዱ ግን ጠፍር የለውም፤ ብዙውን ጊዜ አርጃኖን ከመሰለ ትልቅ እንሽላሊት የተገፈፈው ቆዳ አፉ ላይ ተጣብቆ በሐረግ ቀለበት ይያዛል። ስለዚህ ቆዳውን እሳት አጠገብ ሞቅ አድርገው ያከሩታል፤ ከዚያ ሰም እየለጠፉ ድምፁን ያወርዳሉ። ሰሙ ሲበዛ ቆዳው ይከብዳል፣ ድምፁም ይወፍራል። አብረው የሚመቱ ከበሮዎችን የሚያስማሙትም በዚሁ ነው። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ የንብ ሰም 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ ሰም የተለጠፈበትን ቆዳ እሳት ዳር ቢያቀርቡት ሰሙ ይፈሳል።

ዋንዛ ይሆናል። ግንዱን ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተዉት፤ ጫፎቹን ሰም ካልቀቡ ከዚያ ይሰነጠቃል። ርዝመቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ይበቃል። መያዣው ከራሱ ከግንዱ ስለሚቀረጽ ከመጥረብዎ በፊት ቦታውን ይተዉለት፤ በምስማር የተመታ መያዣ መንቀሉ አይቀርም። ከሁለቱም ጫፍ ወደ ወገቡ ይፈልፍሉ። እነሱ ፍም ጨምረው የከሰለውን ይፍቃሉ፤ መሮ ካለዎት ግን እሳቱን ይተዉት፣ ወገቡን በቀላሉ ያሳሳዋል። የታችኛው አፍ ክፍት ይቀራል።

ለቆዳው የግልገል ፍየል ይምረጡ፤ የትልቁ ይወፍራል። ሌሊቱን ነክረው ጸጉሩን ይፋቁ፣ የአፉን ጠርዝ ኮላ ይቀቡ፣ እርጥቡን ወጥረው በገመድ ያስሩ። ፀሐይ ላይ ካደረቁት ቶሎ ተኮማትሮ ከኮላው ይላቀቃል። ጠርዙ ወጣ ገባ ከሆነም ቆዳው ሁሉም ጋ ስለማይያዝ ድምፁ ይንሿሿል። ጠርዙን ማስተካከል ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኩንዱ ሲንግሲንግ በሚባለው የጭፈራ በዓል የማይቀር ነው። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ ዓርማ ላይ ከጦርና ከገነት ወፍ ጋር ተቀርጿል። በደሴቲቱ የኢንዶኔዥያ ክፍል የሚኖረው፣ አስማት (Asmat) የተባለው ሕዝብ ኤም ይለዋል፤ ቆዳውንም በደምና በኖራ ያጣብቁታል። ለማኅሌት ግን አያስቡት፤ ቆዳ የለበሰው አፉ አንድ ብቻ ስለሆነ የከበሮን ሁለት ድምፅ አይሰጥም።

ክረምት ላይ እርጥበት ስለሚያላላው፣ ሰሙን አንስተው ከምድጃ ራቅ አድርገው ይስቀሉት።