ሂተሩና ኤሲው ሲያረጁ ምን ልግዛ? ጥያቄና መልስ

ሰላም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እተክላለሁ፣ እጠግናለሁ። ብርዱ ሲመጣ ስልኬ ላይ የሚደጋገመው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አሮጌውን ልቀይር ነው፣ ምን ልግዛ?»። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ እዚህ ጠይቁና ሁላችሁም ስሙት። ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ፤ ቤቱን ሳያይ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው፣ እኔም ብሆን፣ አትመኑት።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ኤሲያችን 17 ዓመቱ ነው፣ ፈርነሱም (የጋዝ ማሞቂያው) እኩያው። ሦስት ሰው ጠርተን አንዱ 3 ቶን፣ ሌላው 3.5፣ ሦስተኛው «እንግዳ ይበዛባችኋል» ብሎ 4 ቶን አለን። ማንን እንመን? ብራንዱስ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብራንዱን ለመጨረሻ አቆየው። ከሦስቱ ቤቱን የለካ አለ? የክፍሎቹን ስፋት፣ መስኮቶቹ ወዴት እንደሚያዩ፣ ጣሪያው ውስጥ ያለው ኢንሱሌሽን ስንት ኢንች እንደሆነ የጻፈ? ቤቱ ስንት ቶን እንደሚፈልግ የሚያወጣው ስሌት ማኑዋል ጄ ይባላል፤ ቤቱን ዞረው ሳያዩ አይሠራም። 1 ቶን ማለት በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ሙቀት ከቤት የማውጣት አቅም ነው። ስለዚህ በ3 እና በ4 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰፊ ሳሎን ለብቻው የሚያቀዘቅዝ ማሽን ያህል ነው።

«ለእንግዳ» ብሎ ትልቅ መግዛት የኛ ሰው አመል ነው። ለልደትና ለክርስትና ቤቱ የሚሞላው በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ በቀረው ጊዜ ግን ቅጣቱን የምትከፍለው አንተ ነህ። ትልቅ ኤሲ አየሩን ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል። እርጥበት ለማውጣት ግን ኮይሉ (አየሩ የሚቀዘቅዝበት ቱቦ) ቀዝቅዞ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። የዋሽንግተን አካባቢ ሰመር ችግሩ ከሙቀቱ ይልቅ ወበቁ መሆኑን ታውቃለህ። ቴርሞስታቱ 72 እያለ ሰውነትህ ይጣበቃል፣ ቤዝመንቱ ይሻግታል።

ዳክቱም (አየሩ የሚሄድበት ቦይ) አለ። እያንዳንዱ ቶን በደቂቃ ወደ 400 ኪዩቢክ ጫማ አየር ይፈልጋል። ለ3 ቶን የተሠራ ዳክት 1,200 ያሳልፋል፤ 4 ቶን ስትገጥምበት 1,600 ፈልጎ ያጣል። መተንፈሻዎቹ ያፏጫሉ፣ ኮይሉ በረዶ ይይዛል፣ ኮምፕሬሰሩም ያለ ዕድሜው ይሞታል። ስሌቱን በወረቀት ያልሰጠህን ሰው ቁጥር ከቁም ነገር አትቁጠረው።

ብራንድ ካልክ፣ ካሪየርና ብራያንት የአንድ ኩባንያ ናቸው፣ ትሬንና አሜሪካን ስታንዳርድም እንዲሁ፤ ጉድማን ደግሞ የጃፓኑ ዳይኪን ንብረት ነው። እኔ የምመርጠው የሚተክለውን ሰው ነው።

ጥያቄ፣ ከዚሁ ጠያቂ፦ አንዱ የድሮውን ማሽን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ «ያንኑ እናድርግልህ» አለኝ። እሱስ?

መልስ፦ የድሮው ያኔም ተለክቶ እንደገባ በምን ታውቃለህ? መስኮት ቀይራችሁ ወይም ጣሪያ ላይ ኢንሱሌሽን ጨምራችሁ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ዛሬ የሚፈልገው ያነሰ ነው።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ ቤታችን ጋዝ አለው። ሁሉም ሂት ፓምፕ ግቡ ይለናል። የሚያዋጣን የቱ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የመብራትና የጋዝ ቢልሽን አውጪና እናስላው። 1 ቴርም ጋዝ 100,000 ቢቲዩ ነው፤ 95 በመቶ ብቃት ያለው ፈርነስ ከዚያ 95,000ውን ለቤቱ ይሰጣል። 1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3,412 ቢቲዩ ነው። ሂት ፓምፕ ግን ሙቀቱን ከውጭ አየር ሰብስቦ ስለሚያስገባ፣ ብርዱ ለዘብ ባለ ቀን የከፈልሽበትን ሦስት እጥፍ፣ ወደ 10,200 ቢቲዩ ይሰጥሻል። 95,000ን ለ10,200 ስናካፍለው 9.3 ይመጣል፤ ማለትም የ1 ቴርም ጋዝን ሙቀት ለማግኘት 9.3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል።

እንግዲህ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋሽን በ9.3 አባዢው። መብራትሽ 18 ሳንቲም ከሆነ 1 ዶላር ከ67 ይሆናል። የቴርም ዋጋሽ ከዚህ ከበለጠ ሂት ፓምፑ ይረክሳል፣ ካነሰ ጋዙ። ዋጋውን ስትወስጂ የማድረሻውን ክፍያና ታክሱን ጨምሪ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ብርዱ ሲጠና ሦስት እጥፉ ወደ ሁለት ተኩል ይወርዳል፣ ማባዣውም 11 ይሆናል።

ጋዝ ላለው ቤት እኔ ብዙ ጊዜ የምመክረው ሁለቱን አብሮ መግጠም ነው። ኤሲውን መቀየርሽ ካልቀረ በእሱ ቦታ ሂት ፓምፕ ይግባ፤ በሰመር ያቀዘቅዛል፣ በመጸውና በለዘብተኛው ብርድ ያሞቃል፣ ብርዱ ሲጠና ፈርነሱ ይረከበዋል። መቀያየሪያውን ዲግሪ ቴርሞስታቱ ላይ አስተካክሎ እንዲሄድ ተካዩን ያዢው፤ ሳያስተካክሉ የሚሄዱ አሉ። ግድግዳ ሥር የተዘረጋ የመብራት ማሞቂያ ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ሂሳብ አይሥራ፤ ሂት ፓምፕ ይግዛ።

ጥያቄ፣ ከሚኒያፖሊስ፦ እኛ ጋ ሂት ፓምፕ አይሠራም ይላሉ።

መልስ፦ ኖርዌይና ፊንላንድ ሂት ፓምፕ የሞላባቸው አገሮች ናቸው። ለብርድ አገር የተሠራውን ዓይነት ጠይቅ፤ በ5 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 15 ሴልሺየስ፣ ስንት ቢቲዩ እንደሚሰጥ ከአምራቹ ሠንጠረዥ ያሳዩህ። እናንተ ጋ ከዚያም ስለሚወርድ ሌላ መጠባበቂያ ሙቀት የግድ ነው።

ጥያቄ፣ ከታኮማ ፓርክ፦ ልጄ፣ ልጆቼ ባለፈው ይህን ሂት ፓምፕ አስገቡልኝ። የሚወጣው አየር እንደ ድሮው አይግልም። ውጭ ያለውም በብርድ ሲጨስ አይቼ ደነገጥኩ።

መልስ፦ እናቴ፣ አይደንግጡ፤ እንፋሎት ነው። በብርድ ጊዜ የውጩ ማሽን አመዳይ ይይዘዋል፤ እሱን ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ሥራውን ይገለብጣል። ከመተንፈሻው የሚወጣው አየር ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ነው፤ ፈርነሱ ከዚያ በጣም ይግል ስለነበር እጅዎ ላይ ቀዝቀዝ ይልብዎታል እንጂ ቤቱ ይሞቃል። ማታ ዝቅ፣ ጠዋት ከፍ ማድረጉን ግን ይተዉት። በአንዴ ብዙ ሲጨምሩበት በውስጡ ያለው የመብራት ማሞቂያ ይነሳና ቢሉ ይንራል። ቴርሞስታቱ ላይ «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚለውንም ማሽኑ ካልተበላሸ አይንኩት።

ጥያቄ፣ ከጀርመንታውን፦ ሻጩ 2,000 ዶላር ከታክስ ይመለስልሃል አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ነበረ። ከወጪው 30 በመቶ፣ ለሂት ፓምፕ እስከ 2,000 ዶላር የሚሰጥ የፌዴራል ክሬዲት ነበር። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ተተክሎ ላለቀ ብቻ አደረገው። ያንተ ከዚያ በፊት ተተክሎ ከሆነ የ2025ን ታክስ ስታስገባ ፎርም 5695 ሙላ። ካልሆነ ሻጩ የሌለ ገንዘብ ቀንሶ ነው ዋጋውን ያሳነሰልህ። ሜሪላንድ ላይ ኤምፓወር በሚባለው ፕሮግራም የመብራት ኩባንያዎች ሪቤት (ከዋጋው ተመላሽ) ይሰጣሉ፤ የኩባንያህን ገጽ ራስህ ከፍተህ እይ።

ጥያቄ፣ ከላውረል፦ ኤሲዬ የሚያቀዘቅዝበትን ጋዝ ያፈስሳል። ጠጋኙ «ይህ ጋዝ ታግዷል፣ ሙሉውን መቀየር ግዴታ ነው» አለኝ።

መልስ፦ የትኛው ጋዝ? የማሽኑ ጎን ላይ ተጽፏል። አር 22 ከሆነ ማምረትና ማስገባቱ ከ2020 መግቢያ ጀምሮ ቆሟል፤ ዋጋውም አይቀመስም፤ ቀይር። አር 410ኤ ከሆነ ግን ከ2025 መግቢያ ጀምሮ የቆመው በእሱ የሚሠራ አዲስ የቤት ማሽን ማምረት ነው። ያለውን ለመጠገን ጋዙ ይሸጣል፤ ግዴታ የሚባል ነገር የለም። እኛ ጋ የሚሠራበት ግምት አለ፤ የማሽኑን ዕድሜ በጥገናው ዋጋ አባዛው፣ ከ5,000 ከበለጠ መቀየሩን አስብበት። ከቀየርክ የውጩን ብቻ አትቀይር። አዲሶቹ በአር 454ቢ ወይም በአር 32 ነው የሚሠሩት፤ የውስጡ ኮይል አብሮ የተፈተነ ጥንድ መሆን አለበት። ጥንዱ አብሮ መፈተኑን የሚያሳየውን የኤኤችአርአይ (የአምራቾቹ ማኅበር) ቁጥር ውሉ ላይ ያስፍሩልህ።

ጥያቄ፣ ከፎልስ ቸርች፦ ለዓመታዊ ምርመራ የመጣው ሰው ሂት ኤክስቼንጀሩ ተሰንጥቋል ብሎ ጋዙን ዘግቶብን ሄደ። ዛሬውኑ አዲስ እንድንገዛ ነው የሚፈልገው።

መልስ፦ እውነተኛ አደጋም፣ ማስፈራሪያም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም አይቻለሁ። ሂት ኤክስቼንጀር እሳቱን ከቤቱ አየር የሚለየው ብረት ነው፤ ከተሰነጠቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የቃጠሎ ጋዝ ወደምትተነፍሱት አየር ሊገባ ይችላል፤ እሱ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ስለዚህ ፈርነሱን አታብሩት። በየመኝታ ቤቱ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከሌላችሁ ዛሬ ግዙ። ከዚያ ስንጥቁን በካሜራ ያነሳውን ፎቶ ጠይቁት። ፎቶ ከሌለው ሌላ ባለሙያ ጥሩ፣ የሚጠራውም ለምን እንደሆነ አትንገሩት። ሁለት ቀን በትንሽ የመብራት ሂተር ማለፍ ይቻላል። ከዕጣኑና ከመጋረጃው አርቁት፣ በኤክስቴንሽን ገመድም አትሰኩት።

ጥያቄ፣ ከዊተን፦ 95 በመቶ ፈርነስ ልገዛ ነው። ተካዩ ጭሱን በፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳ አወጣዋለሁ አለኝ። የውሃ ማሞቂያውን አልነካም ብሏል።

መልስ፦ ይህን የሚጠይቅ ሰው ብርቅ ነው። የድሮው ፈርነስና የውሃ ማሞቂያው በአንድ ጭስ ማውጫ ይጠቀሙ ነበር አይደል? ፈርነሱ ሲወጣ ለሁለት የተሠራው ሰፊ ጭስ ማውጫ ለውሃ ማሞቂያው ብቻ ይቀራል። አንድ ትንሽ እሳት አያሞቀውም፤ ጢሱ ይቀዘቅዝና ወደ ላይ ከመሳብ ይልቅ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ጭስ ማውጫው ውስጥ ጠበብ ያለ የብረት ቱቦ መግባት አለበት፣ ወይም የውሃ ማሞቂያው አብሮ ይቀየር። ርካሹ ዋጋ ከሌሎቹ የሚያንሰው አንዳንዴ ይህን ስለተወ ነው። ፐርሚት ያውጣ በለው፤ ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፣ ከጌይተርስበርግ፦ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ ነው። ላይኛው ይነዳል፣ ቤዝመንቱ ይበርዳል። ትልቅ ማሽን ይፈታዋል?

መልስ፦ አይፈታውም። የላይኛው ፎቅ አየር የሚመለስበት ቀዳዳ አለው ወይ? ብዙ ቤት የለውም። ዳክትም በተለመደው ቤት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን አየር በመንገድ ያፈስሳል። መጀመሪያ እሱን ያሽጉላችሁ። ካልበቃ ለላይኛው ፎቅ ብቻ ሚኒ ስፕሊት (ዳክት የማይፈልግ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ ማሽን) ይግባ።

ጥያቄ፣ ከኸርንደን፦ ቡና በየቀኑ እንቆላለን፣ ዕጣንም አለ። አዲሱን ያበላሽብናል?

መልስ፦ ቡናውን አትተዉ። ስትቆሉ የምድጃውን ማራገቢያ አብሩ፤ ፊልተሩንም ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጊዜ ቀድማችሁ ቀይሩ። ወፍራሙ ፊልተር ሁልጊዜ ይሻላል ብላችሁ ግን መርቭ (የፊልተር ማጣሪያ ደረጃ) 13 አትክተቱ፤ ዳክቱ ጠባብ ከሆነ አየሩን ያንቀዋል። 8 ወይም 11 ይበቃል።

ጥያቄ፣ ከቦዊ፦ ድሬዳዋ ቤት እየሠራሁ ነው። ከዚህ ልላክ?

መልስ፦ አትላክ። የዚህ ማሽን ለ60 ኸርትዝ ነው የተሠራው፣ አገር ቤት 50 ነው። መለዋወጫም ጠጋኝም አታገኝለትም። እዚያው ለ220 ቮልት የተሠራውን ኢንቨርተር (ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክል) ሚኒ ስፕሊት ግዛ።

ጥያቄ፣ ከስፕሪንግፊልድ፦ ትናንት ማታ ሻጩ ቤታችን መጥቶ እስኪፈርምለት አልነሳም አለ፤ ባለቤቴ ፈረመ። ዛሬ ስናየው አልወደድነውም።

መልስ፦ ቤታችሁ መጥቶ የሸጠው ስለሆነ በፌዴራሉ ሕግ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። እሑድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም፣ ቅዳሜ ግን ይቆጠራል። ለድንገተኛ ብልሽት ራሳችሁ ጠርታችሁት መብታችሁን በጽሑፍ ለቃችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ወረቀቱን እዩት። በስልክ ብቻ አትሰርዙ። ከውሉ ጋር ሁለት ቅጂ የመሰረዣ ቅጽ መስጠት ነበረበት፤ አንዱን ፈርማችሁ ቀን ጻፉበትና ዛሬውኑ በሰርቲፋይድ ፖስታ ላኩ። ቅጹን ካልሰጣችሁ ደብዳቤ ጻፉ፣ ኮፒውን አስቀሩ፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝም አትጣሉ።