ሲሙ በማን ስም ነው የወጣው?

ወንድሜ፣ የሞባይል መኒ አካውንትህ ድንገት ብሎክ ተደረገ፣ ካምፓኒው «ባለቤቱ መታወቂያ ይዞ ይምጣ» አለህ፣ «እሱ ደግሞ መምጣት አይችልም፣ ልክሰሳቸው ወይ» ብለህ ጻፍክልኝ። «እሱ» ማነው? ሲሙ በሌላ ሰው ስም መሆኑን እኮ አልነገርከኝም።

ቀላሉን ላስቀድም። ቁጥጥሩ ደህና በሆነበት አገር ካምፓኒው የደንበኞችን ገንዘብ ከራሱ ለይቶ ባንክ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ የሚባለው የሞባይል መኒ አገልግሎት በ2007 ሲጀምርም የደንበኛው ገንዘብ በአደራ አካውንት ነበር የሚቀመጠው። ብሎክ ተደረገ ማለት ተበላ ማለት አይደለም። ቅሬታህን መጀመሪያ ለካምፓኒው በጽሑፍ፣ ካልሆነ ለተቆጣጣሪው አካል፣ ክስ ከዛ በኋላ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጋ እንምጣ። «ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ፒኑን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አካውንቱ የኔ ነው» ትላላችሁ፣ ካምፓኒው ግን የሚያውቀው የተመዘገበውን ስም ነው። የገንዘብ ማጠብን የሚከላከለው ዓለም አቀፉ ተቋም ኤፍኤቲኤፍ 10ኛው ምክረ ሐሳቡ ላይ የደንበኛ ማንነት ይጣራ ይላል፣ አገሮችም በየሕጋቸው አስገብተውታል፣ ስለዚህ የመለሰችህ ሠራተኛ ክፉ ሆና አይደለም፣ ላንተ ብትከፍል የምትጠየቀው እሷ ናት።

ደግሞ አትቆጣኝና፣ ለምን በሰው ስም? መታወቂያ ስላልነበረህ ከሆነ ማስረዳት ይቻላል። የራስህ አካውንት የዝውውር ገደብ ሞልቶብህ ሁለተኛ ላይን በዘመድ ስም ከፍተህ ከሆነ ግን ብሎክ ያስደረገህ ይሄው ነገር ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ክስ ስትከፍትም መጀመሪያ የሚጣራው ያንተ ጉዳይ ነው። (ደንበኞች ይሄን ደብቀውን እኛ ጠበቆች ችሎት ላይ ከተቃራኒ ጠበቃ ነው የምንሰማው።)

በፍጹም ሲሙ በስሙ የወጣውን ሰው መስለህ «እኔ ነኝ» ብለህ እንዳትደውል፣ የመታወቂያውን ፎቶም እንዳትልክ። ጥሪው ሊቀረጽ ይችላል፣ የገንዘብ ክርክር የነበረው የማታለል ወንጀል ይሆንብሃል።

ሰውየው ርቆ ከሆነ በውክልና ይቻል እንደሆነ ካምፓኒውን በጽሑፍ ጠይቅ፣ ሞቶ ከሆነ ገንዘቡ ወራሾቹ ጋ እንዳይሄድ ያንተ መሆኑን ማስረዳት ይኖርብሃል፣ ተጣልታችሁ ከሆነ ደግሞ ክርክርህ ከካምፓኒው ሳይሆን ከሱ ጋር ነው። ሦስቱም ላይ ገንዘቡን ያስገባኸው አንተ መሆንህን የሚያሳይ ነገር ያስፈልግሃል፦ የኤጀንት ደረሰኝ፣ ከባንክህ የተላለፈበት ስቴትመንት፣ የገቢ ሜሴጆቹ። ስልኩን ሪሴት እንዳታደርገው። ለካምፓኒው አንድ መስመር ከመጻፍህ በፊት እነዚህን ይዘህ በአካባቢህ ያለ ጠበቃ አማክር፣ የመጀመሪያው ደብዳቤህ ላይ ያሰፈርከውን በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።