ሥራ ልልቀቅና አዲስ አበባ ልግባ? ለራጅ ባለሙያው የድሬ ልጅ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂው በሜዲካል ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ተመርቆ ሳቢያን አካባቢ በአንድ የግል ክሊኒክ ራጅ ያነሳል። ሁለት ዓመት ሆኖታል። "የልብ ደም ሥር ላይ የተጋገረውን ስብ የሚያሳዩ ማሽኖች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። እዚህ ግን ከደረትና ከእግር ራጅ አላለፍኩም። ለቅቄ አዲስ አበባ ልግባ?" ይላል።

በድሬ ወግ "አንተ" ብዬህ ልቀጥል። አቦ፣ አሁን አትልቀቅ!

መጀመሪያ ነገር፣ የተመኘኸው ሥራ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንደኛው ካቴተር ክፍል ውስጥ ነው። ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ገብቶ እስከ ልብ ይደርሳል። እዚያ የሚነሳው አንጂዮግራም፣ ማለትም የደም ሥር ራጅ፣ ደሙ የሚያልፍበትን መንገድ እንጂ ግድግዳውን አያሳይም። ስቡ ደግሞ መጀመሪያ ላይ የደም ሥሩን ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ መንገዱ ሳይጠብ ብዙ ሊከማች ይችላል። ግድግዳውን ለማየት በቱቦው ጫፍ አልትራሳውንድ ይገባል፤ አይቪየስ የሚሉት ነው። ኦሲቲ ደግሞ በብርሃን ይሠራል። ከ10 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የሚሆን ነገር ይለያል፣ ግን ርቆ አያይም። ዩቲዩብ ላይ ልብህን የሰረቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ምስሉ በጣም ያምራል። ቱቦው ያለው ግን በልብ ሐኪሙ እጅ ነው። አንተ የእርሳስ ሽርጥ ለብሰህ ማሽኑን ታንቀሳቅሳለህ።

ሁለተኛው ሲቲ ስካን ነው። ላንተ የሚቀርበው ይሄ ይመስለኛል፤ የምስሉ ጥራት በአብዛኛው በባለሙያው እጅ ስለሆነ።

ቀላሉ የካልሲየም ስኮር ነው፤ የልብ ደም ሥር ላይ የጠነከረውን ካልሲየም ይለካል። አጋትስተንና ባልደረቦቹ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘዴ ከ130 ሃውንስፊልድ (የሲቲ ምስል የጥግግት መለኪያ) ጀምሮ ያለው እንደ ካልሲየም ይቆጠራል። ኮንትራስት፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጠውን ምስል ማጉያ ፈሳሽ፣ አይፈልግም። ውጤቱ ዜሮ ሆነ ማለት ግን ስብ የለም ማለት አይደለም። ገና ያልጠነከረውን አያይም። ለስላሳውን ለማየት በኮንትራስት የሚነሳው የልብ ሲቲ አንጂዮግራፊ ያስፈልጋል።

ፈተናው ልብ አለመቆሟ ነው። ምስሉ ልብ ጨምቃ ከለቀቀች በኋላ ባለችው አጭር እረፍት ላይ እንዲያርፍ ማሽኑ የልብ ምትን ከሚከታተለው ኢሲጂ ጋር ይያያዛል። ምቱ በደቂቃ ወደ 60 ቢወርድ ይመረጣል። የምት ማብረጃውን መድኃኒትና ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው። ኮንትራስቱ የሚገባባትን አረንጓዴዋን 18 ቁጥር ካኑላ ክርን እጥፋት ላይ ማስገባት፣ ኤሌክትሮዶቹን በደንብ መለጠፍ፣ ትንፋሽ መያዝን ማለማመድ ግን የባለሙያው ነው። እዚህ ላይ የተበላሸ ምስል ምስሉን የሚያነበው ጎበዝ ሐኪምም አያተርፈውም።

ድሬ ማደግህ የሚጠቅምህ እዚህ ጋ ነው። ጫት የልብ ምት ያፈጥናል፣ ቡናም እንደዚያው። "ዛሬ ቅመሃል?" ብለህ ሳታፍር፣ ሰውየውንም ሳታሳፍር መጠየቅ ታውቅበታለህ። በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ የመጣን ሰውም ኮንትራስት ከመውሰዱ በፊት ለይተህ ለሐኪሙ ትነግራለህ። "ትንፋሽ ያዝ፣ ልቀቅ" የሚለውን በኦሮምኛና በሶማሊኛ ማለት ከቻልክማ ሲቪህ ላይ ጻፈው፤ እየቀለድኩ አይደለም።

ስለዚህ አሁን ድሬም ሆነ ሐረር ሲቲ ስካን ያለበት ቦታ ፈልግ። የሌሊት ተራም ቢሆን ግባ። ጭንቅላቱም ሆዱም ያስተምራል። በተለይ የሳንባ ደም ሥር በኮንትራስት ሲነሳ አትለፈው። ኮንትራስቱ የት ሲደርስ እንደሚነሳ ሰዓቱን መጠበቅ የምትለምደው እዚያ ነው። ጎን ለጎን ኢሲጂ ማንበብ ከነርሶቹ ተማር፤ ለዚህ ኮርስ አትክፈል።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ አመልክት። ቃለ መጠይቅ ላይ አንተም ጠይቅ። ማሽኑ ባለ 64 ስላይስ (በአንድ ዙር የሚያነሳው የምስል ንጣፍ ብዛት) ወይም ከዚያ በላይ ነው? ኢሲጂው ተያይዞለታል? "አዎ፣ ማሽኑ ይችላል" ካሉህ በዚያ አትመለስ፤ "በሳምንት ስንት ልብ ታነሳላችሁ?" በላቸው።