አስጠኚው ሲኖር ያውቃል፣ ፈተና ላይ ይጠፋበታል

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከትምህርት ቤት ውጭ ስላለው ጥናት ናቸው። አምስቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን አስጠኚ ይመጣለታል። የቤት ሥራው ሁሌም አሥር ከአሥር ነው። ፈተና ላይ ግን ይወድቃል። አስጠኚውን ልቀይረው?
*እናት፣ ከጎፋ*

መልስ፦ ከመቀየርሽ በፊት አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ በይና እዪ። የሚያስበው ማነው? አስጠኚው «እዚህ ጋ ደምር፣ ይሄን አካፍል» እያለ ልጁ የሚጽፍ ከሆነ፣ የቤት ሥራውን የሠራው አስጠኚው ነው። ልጅሽ ጻፈ እንጂ አልሠራም።

እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አስጠና ነበር። ወላጅ ደብተሩን ሲያይ ባዶ ቦታ እንዳያገኝ እፈራ ነበር። ልጁ ትንሽ ከቆመ መልሱን ቶሎ እነግረዋለሁ። እነዚያን ልጆች ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

አስጠኚውን አንድ ነገር ጠይቂው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ደብተር ይዘጋ። ልጁ ባለፈው የተማረውን በባዶ ወረቀት ላይ ከራሱ ያውጣ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞክረውታል። አንዳንዶቹ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው አነበቡ። ሌሎቹ ካነበቡ በኋላ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት በለጡ። የልጅሽም ነገር ይኸው ይመስለኛል። ማታ ላይ ያውቃል፣ ፈተናው ግን የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።

ሌላም አለ። የቤት ሥራው ላይ የተሳሳተው እንደተሳሳተ ይሂድ። መምህሯ ስህተቱን ካላየች ምን እንዳልገባው በምን ታውቃለች? ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ «ይህን ብቻውን ነው የሠራው» ብለሽ ጻፊላት። ለጥቂት ሳምንት ውጤቱ ዝቅ ቢል አትደንግጪ።

አስጠኚው በዚህ ከተስማማ አትቀይሪው። «ጊዜ ይወስዳል» ብሎ እምቢ ካለ ግን ሌላ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ እኔ ትምህርት አልቀመስኩም፣ መርካቶ ነው የምሠራው። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገብታ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነባት። በምን ልርዳት?
*አባት፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ እርስዎ ተማሪ ይሁኑላት፣ እሷ ታስተምርዎ። ማታ ከራት በኋላ የዕለቱን ትምህርት በአማርኛ ታስረዳዎ። «ለምን?» ይበሏት። «እስቲ ምሳሌ ስጪኝ» ይበሏት። የገባትን ነገር በአማርኛ ማስረዳት አያቅታትም። በእንግሊዝኛ የሸመደደችው ግን «ለምን?» ሲሏት እዚያው ይቆማል። ያቺ የቆመችበት ቦታ ላይ ምልክት ታድርግና ነገ መምህሯን ትጠይቅ። ይህን ለመስማት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፣ ትዕግሥት ይበቃል።

ሒሳብ ላይ ደግሞ እርስዎ ከብዙ አስጠኚ ይሻላሉ። በ400 ብር የገዙትን ዕቃ በ460 ሸጡ እንበል። ትርፉ ከመቶ ስንት ነው? እርስዎ በጭንቅላትዎ፣ እሷ በደብተሯ ሥሩትና አመሳክሩ። 15 ከመቶ ካልመጣ አንዳችሁ ተሳስታችኋል፣ ማን እንደሆነ ተፈላለጉ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል ልጄ ሀሁን በዜማ እስከ መጨረሻው ትዘልቀዋለች። አንዱን ፊደል ነጥዬ ሳሳያት ግን ከሀ ጀምራ ካልቆጠረች አታውቀውም።
*እናት፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ የያዘችው ዜማውን ነው፣ ፊደሉን ገና አልያዘችውም። የድሮ የኔታዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁት ነበር። ሀሁን በቃሉ የጨረሰ ልጅ ተምሯል ብለው አይለቁትም። አቡጊዳ ያስገቡታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እዩት፣ ፊደሉ ከቤተሰብ ቤተሰብ ይዘላል፣ ድምፁም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አብሮ ይቀየራል። ዜማው እዚህ ላይ አያድንም። ልጁ ቅርጹን ራሱን ማየት አለበት። እኔ በጣም የማደንቀው ዘዴ ነው፣ ዛሬ ብዙ ቤት መረሳቱ ያሳዝነኛል።

33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ሁሉንም ባንዴ አታሳዪአት። የማካሮኒ ካርቶን ቆርጠሽ በቀን አምስት ጻፊና በውዘሽ ጠይቂያት። የሚምታቱትን፣ እንደ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ ያሉትን ጎን ለጎን አድርጊላት። መንገድ ላይ ደግሞ የሱቅ ማስታወቂያ አለልሽ። «ዛሬ የምንፈልገው ቤ ነው» በያትና ቀድማ ትፈልግ።

ጥያቄ፦ ልጃችን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቅዳሜም ቲቶሪያል፣ እሁድም ቲቶሪያል። በዝቶበት ይሆን?
*አባትና እናት፣ ከአዳማ*

መልስ፦ አዎ፣ በዝቶበታል። አንዱን ቀን ተዉለት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል። እሁድ ገበጣ ተጫወቱ። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ ሳያነሳ መገመት ሲጀምር፣ ሒሳብ እየሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ቤሩት ነው የምሠራው። የስምንት ዓመት ልጄ ጎንደር ከእናቴ ጋር ነው። በሳምንት አንዴ በኢሞ እንገናኛለን። «እየተማርክ ነው?» እለዋለሁ፣ «አዎ» ይላል፣ በዚያው ያበቃል። ከሩቅ ሆኜ ምን ላድርግለት?
*እናት፣ ከቤሩት*

መልስ፦ እህቴ፣ «እየተማርክ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከ«አዎ» ሌላ መልስ የለውም። በእንቆቅልሽ ጀምሪለት። «እንቆቅልህ» በይው፣ «ምን አውቅልሽ» ይበልሽ። በሳምንቱ መሐል አንድ በድምፅ ላኪለት። እሱም ለእሁድ አንድ ያዘጋጅልሽ። እናትሽ ዘንድ ብዙ እንደሚያገኝ አልጠራጠርም፣ ከአያቱ ጋርም ያቀራርበዋል። ካልመለሰ አገር ይስጥሽ። ግን የሰጠውን አገር ደግሞ አይስጥ፣ በየሳምንቱ አዲስ አገር ከመጽሐፉ ካርታ ላይ ይፈልግ። መጀመሪያ ሊባኖስን ፈልጎ እናቱ ያለችበትን በጣቱ ያሳይሽ።

ከዚያ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልሽ። ሲሳሳት አታቋርጪው፣ ሲጨርስ ስለ ታሪኩ ጠይቂው። ኔትወርኩ መሐል ላይ ቢቆረጥባችሁ፣ የቀረውን አንብቦ በድምፅ መልእክት ይላክልሽ። ማታ ከሥራ ስትወጪ ትሰሚዋለሽ።